በረኛው ቀኙን ሲጠብቅ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከት/ቤት መልስ

ዛሬም ቀኙ ስታክ አደረገ። መብራት ሄዶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ወደ ዋይፋዩ መግባት አልቻለም። ስመጣ እትዬ አስካለ የሱቁ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ፔንሲዮኗ ያረፉት እንግዶች ጮኸውባት ነው የመጣችው። ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው። «ስም ወይም የይለፍ ቃል ተሳስቷል» ይላል። ስሟንም ቃሏንም ቀይራ አታውቅም።

«ወንድምህን ስትቀብሩ የኔንም ስም አብራችሁ ቀበራችሁት እንዴ?» አለች። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። ምላሴን ይቁረጠው፣ ምላሴን ይቁረጠው እያለች ሄደች። አልተቀየምኳትም። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁት። ሠራ።

አንተ ደብተር፣ ስለዚህ ነገር ምንም አታውቅም። አንድ ጊዜ ልንገርህና አይደገምም። የሰፈሩን ዋይፋይ የዘረጋው ዮኒ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ ዮናስ። በየጣሪያው አንቴና ሰቅሏል። ሰው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ፣ አንቴናው ጥያቄውን ሱቃችን ወዳለው ሰርቨር ይልካል። ዮኒ «በረኛው» ነው የሚለው። በረኛው ራሱ ማንንም አያውቅም። የሰዉ ስም ያለው ዳታቤዝ ላይ ነው፤ ዳታቤዙ ደግሞ ሁለት ቦታ አለ። አንዱ የዮኒ ላፕቶፕ ላይ፣ እዚሁ ሱቅ። ቅጂው አንኮበር፣ አባባ ቤት፤ መብራት ሁለቱም ጋ በአንድ ጊዜ አይጠፋም ብሎ። አባባ አንኮበር ደብር መሪጌታ ናቸው፤ እኛ ለትምህርቱና ለሱቁ ብለን እዚህ ደ/ብርሃን ነን። ዮኒ ላፕቶፑን «ቀኝ»፣ የአንኮበሩን «ግራ» አላቸው። ከማኅሌቱ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የወሰደው ነው። በረኛው መጀመሪያ ቀኙን ይጠይቃል። ቀኙ ዝም ካለ ግራውን።

ዮኒ አሁን አንኮበር ነው። አባባ ደብር፣ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ። መዘዞ አንቴና ሊያስተካክል ሄዶ ሲመለስ፣ ጣርማ በር ላይ፣ በጉም ውስጥ፣ የተሳፈረበት ሚኒባስ

ሌላ ቀን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ሀብቴ መጣ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የዮኒ ጓደኛ ነው። አንድ መ/ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ጋቢውን እንደለበሰ ጆሮውን ላፕቶፑ ላይ አስጠግቶ አዳመጠ፤ እንደ ሐኪም። ውስጡ ይንቋቋል። ዲስኩ እያለቀለት ነው አለ።

ታዲያ ግራው ለምን አይቀበልም ብዬ ጠየቅኩት። በረኛው ወደ ግራ የሚዞረው ቀኙ ጨርሶ ሲጠፋ ነው። ይኼ ግን አልጠፋም። ሲያንኳኩበት አቤት ይላል፤ ከዚያ ዝም። በረኛው አቤት መባሉን ይዞ ይቆማል። «የሞተ ማሽን እኮ አያስቸግርም። ግማሹ የሞተው ነው የሚያስቸግር» አለና ምን እንዳለ ሲገባው አንገቱን ደፋ። ሻይ ልጥራልህ አልኩት። እሺ አለ። አልጠጣውም።

እትዬ አስካለን ያበሳጫትንም አገኘው። ዳታቤዙ ዝም ሲል በረኛው ለሰዉ «ተሳስተሃል» እያለ ይመልስ ነበር። አላውቅህም ማለትና አልሰማሁም ማለት አንድ አይደለም፤ ካልሰማህ ዝም በል፣ አንቴናው ራሱ ደግሞ ይጠይቃል አለ። ያንን አስተካከለ። ደግሞ፣ ቀኙ አቤት ብሎ ዝም ቢልም እንኳ በረኛው ከሁለት ሰከንድ በላይ እንዳይጠብቅ አደረገ። ሁለት ሰከንድ፣ ከዚያ ወደ ግራ።

እስከዚህ ጥሩ ነበር። ቀጥሎ ላፕቶፑን ማውጣት አለብን፣ ግራው አንደኛ ይሁን አለ። ከዚያ የስሞቹን ዝርዝር ከፈተ። አንደኛው ስም «ዮናስ» ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበው እሱ ራሱ ስለሆነ። የማይጠቀም ሰው ስም ይሰረዛል አለ፣ ሰው እንደሌለበት ቤት ክፍት በር ነው አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ተነስቼ ወጣሁ።

ሀብቴ የማያውቀው አለ። ያ ስም በየማለዳው አረንጓዴ ይሆናል። እማዬ የዮኒን ስልክ ቻርጅ ታደርገዋለች። ስልኩ ሲበራ ዋይፋዩን ራሱ ያገኘዋል፤ ዝርዝሩ ላይ «ዮናስ» ብሎ ይገባል። ት/ቤት ከመሄዴ በፊት አየዋለሁ። ስልክ መሆኑን አውቃለሁ። አውቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ከሁለት ሰከንድ በኋላ ቀኙ ሲታለፍ በረኛው ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል። ዮኒ ራሱ በአማርኛ ያስገባው ነው፦ «ቀኙ ዝም ብሏል። ግራው ይቀበል።» ዛሬ ጠዋት ስክሪኑ በዚህ መስመር ተሞልቶ አገኘሁት። ቀኙ ዝም ብሏል። ቀኙ ዝም ብሏል። ቀኙ ዝም ብሏል።

አልቻልኩም።

ዝም አላለም እኮ! ሞከርኩት። ቆይተህ ብትጠብቀው ይመልሳል። ይዘገያል እንጂ ይመልሳል። ሁለት ሰከንድ ምን የምትባል ናት? እማዬ መንገድ ላይ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ በሩ ታያለች፤ ማሽኑ ከሁለት ሰከንድ በላይ አይጠብቅም?

ሁለቱን ሠላሳ አደረግኩት። ለሀብቴ አልነገርኩትም።

ማታ ድረስ አየሁት። ቅዳሜ ሰው ጥቂት ነው። ቀኙ ሁሉንም መለሰ። ያቺ መስመር አንዴም አልመጣችም። ደስ አለኝ። ካለቀስን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህ አፈርኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23። አንኮበር

ከእማዬ ጋር በጠዋት መጣን። መቃብሩ አፈሩ ገና አልጠነከረም። እማዬ ጠጠር ስትለቅም ዋለች፤ ልክ ምስር እንደምትለቅም። አባባ ተዋት አሉኝ።

ግራው አባባ መኝታ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው፤ ከመጻሕፍታቸው አጠገብ። አባባ በየቀኑ አቧራውን ይጠርጉለታል። መብራቷ ብልጭ ብልጭ ትል ነበር፣ ዛሬ ምነው ዝም አለች ብለው ጠየቁኝ። የሚጠይቀው ስለሌለ ነው፣ ቀኙ እየሠራ ነው አልኳቸው። በኩራት።

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ስለ ማኅሌት አወሩ። ቀኝ ጌታ ድምፁ ሲዘጋ ግራ ጌታ ቆሞ አይጠብቀውም፤ ይቀበለዋል። ካልተቀበለው ሁለቱም ያፍራሉ፤ የቆመው ሕዝብም ይበተናል። ቀኝ ጌታው በዚህ አይቀየምም፣ እንዲያውም ያርፋል አሉ። ለምን እንደነገሩኝ አልገባኝም። ወይም እንዲገባኝ አልፈለግኩም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

የማልረሳው ቀን።

ሰላም እረፍት ሰዓት ላይ ጠራችኝ። አንድ ክፍል ነን። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው፤ ከእናቷ ከወ/ሮ ዘነበች ጋር መጠለያው ውስጥ ነው የሚኖሩት። ዮኒ መጠለያው ውስጥ፣ ከውኃ ሮቶው አጠገብ የባሕር ዛፍ እንጨት ተክሎ አንቴና ሰቅሎላቸዋል፤ በነፃ። አባቷ እዚያው ቀርቷል። ከብቶቹን ጥሎ መምጣት አልሆነለትም። እሑድ እሑድ ከተማ ይወጣና ዘመድ ቤት ሆኖ በኢንተርኔት ይደውላል። መደበኛው ስልክ ባለበት አይሠራም።

ትናንት ሊደውል ነበር። ከብቶቹን ሸጦ መንገድ የሚጀምርበትን ቀን ሊነግራቸው። ዋይፋዩ ግን ማንንም አላስገባም። እናቷ ስልኩን ይዛ ከሮቶው ሥር ቀኑን ሙሉ ቆመች። ጎረቤት ወንበር አምጥቶላት አልተቀመጠችም። አሁን መንገድ ይጀምር አይጀምር አያውቁም። መንገዱ ደግሞ መንገድ ነው።

ሰላም አልተቆጣችኝም። ወንድምህ በነበረ ጊዜ አልልም፣ ግን እስቲ እየው አለች። ልክ እንደዚህ። አልልም ግን ብላ አለችው።

ያቺን ሠላሳ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሀብቴን ጠራሁት። ከመቀመጡ በፊት እኔ ነኝ የነካካሁት አልኩት።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስቦ አስረዳኝ። አንቴናው ጥያቄውን ልኮ አምስት ሰከንድ ነው የሚታገሠው። ደግሞ ይጠይቃል፣ ሦስተኛም ይጠይቃል፣ ከዚያ በረኛ የለም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። በረኛው ለአንድ ሰው መልስ ሠላሳ ሰከንድ ቀኙን ሲጠብቅ፣ ሰውየው ከበሩ ሄዷል። ቀኙ ኋላ ቢመልስም የሚቀበለው የለም። በረኛው ደግሞ እጁ የተቆጠረ ነው። እሑድ ሰው ሲበዛ ሁሉም እጆቹ ቀኙን ሲጠብቁ ታሰሩ። ግራው አንኮበር ሆኖ ሁሉንም ስም ያውቃል፤ ግን የሚጠይቀው እጅ አልተረፈም።

«የምትጠብቀው ጊዜ» አለ፣ «በር ላይ ከቆመው ሰው ትዕግሥት ማነስ አለበት። የቱንም ያህል ብትወደው።»

ቁጥሩን ወደ ሁለት መለስኩት። በገዛ እጄ፣ እያየኝ።

ላፕቶፑን ግን አናወጣውም አልኩ። እሺ አለ። ዲስኩ አይሰማህም፣ የራሱን ያደርጋል አለ። ሲወጣ ራሴን በመዳፉ መታ አደረገኝ፤ ዮኒ እንደሚያደርገው። ይኼን ለምን አደረገ። ሱቁን ዘግቼ ከባንኮኒው ሥር ተቀመጥኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30። መጠለያው

ከሰላም ጋር ከሮቶው ሥር ቆምኩ። ዋይፋዩ ሠርቷል። በስልኬ ሳየው ቀኙ ሁለት ጊዜ ዝም ብሎ ግራው ተቀብሏል። ማንም አላወቀም። ማንም አለማወቁ ነው ሥራው፤ ዮኒ እንደዚያ ይል ነበር።

ወ/ሮ ዘነበች ቆሎ ዘገኑልኝ። እናትህ እንዴት ናት፣ ትበላለች? አሉ። ትንሽ አልኩ። እኔም ትንሽ ነው የምበላው፣ ደህና ናት ማለት ነው አሉና ሳቁ። ጥርሳቸው ላይ እጃቸውን አድርገው።

ደወለ! ሰላም ዘለለች። ወ/ሮ ዘነበች ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ በላስቲክ የታሰረ ስልክ ነው። የበሬውን ነገር አወሩ። የጎረቤት ሞት ነገራቸው። ኧረ እኔን፣ ኧረ እኔን አሉ። ከዚያ መቼ ትነሳለህ አሉት። እሱም የሚነሳው

ስልኩ ጠፋ። ባትሪው። ቻርጅ ላይ ሰኩት፤ እስኪነሳ ሰውየው ሄዷል።

ጥፋቱ የኔትወርኩ አልነበረም። ዛሬ የእኔም አልነበረም። ሆኖም ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም፤ እሷ አሁን የሰው ጉዳይ አትሰማም ብዬ ነበር። ስልኩ ምን ዓይነት ነው ብላ ጠየቀች። የተሰበረ አልኳት።

አርብ፣ ኅዳር 5

ላፕቶፑ ከት/ቤት ስመለስ አልነሳ አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተነሳ። እየተንቋቋ። ነገ ዳታው ይበላሽበት ይሆናል፤ ሲበላሽ ደግሞ የተበላሸውን ወደ ግራው ሊገለብጥ ይችላል አለ ሀብቴ በስልክ። ያኔ ሁለቱም ጋ ስም የሚባል አይኖርም። የእትዬ አስካለም፣ የወ/ሮ ዘነበችም። የዮኒም።

እማዬ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። ነገርኳት። የዮኒ ላፕቶፕ ሊሞት ነው፣ ማውጣት አለብኝ አልኩ። ታለቅሳለች ብዬ ፊቷን አየሁ።

«ያ የሱቁ ሣጥን እሱ ነው እንዴ ብሩኬ?»

አይደለም አልኩ።

«ታዲያ ለምን ታስጨንቀዋለህ። ይረፍ።»

እሷ ግን የዮኒን ስልክ ቻርጅ ላይ ሰክታ ነው ይህን የምትለኝ። ዓይኔ ወደ ስልኩ መሄዱን አየች። ሸማዋን ሳበችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

እሑድ፣ ኅዳር 7

የሰላም አባት አልደወለም። በረኛው ሠርቷል፤ ግራው መልሷል፤ አንቴናው ደህና ነው። ሁሉንም አየሁ። ሰውየው ግን አልደወለም። ተነስቶ ይሆን፣ ታሞ ይሆን፣ መንገድ ላይ

ዝም ማለት አይ ማለት አይደለም አሉ ወ/ሮ ዘነበች። ሀብቴም ያለው ይኼንኑ ነው፤ ስለ ዳታቤዝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ነገ አርባው ነው። ቀትር ላይ ወደ አንኮበር እንሄዳለን። ከዚያ በፊት ልጨርሰው ብዬ ሀብቴን በማለዳ ጠራሁት።

ማሽኑን በግድ እንዳናወጣው ብሎ ሥርዓቱን አሳየኝ። መጀመሪያ ቀኙ ወደ ግራ መገልበጡን እንዲያቆም። ከዚያ ግራው ሁሉንም ስም መያዙን ማየት፤ አንድ በአንድ አየሁ። ከዚያ ግራው ብቻውን አዲስ ስም እንዲቀበል፤ እስካሁን የሚቀዳ ብቻ ነበር። ከዚያ በረኛው መጀመሪያ ግራውን እንዲጠይቅ። መጨረሻ ላይ የላፕቶፑን ገመድ መንቀል።

ገመዱን ያዝኩት። ሀብቴ ወደ መንገዱ ዞረ፤ ባጃጅ የሚያይ መስሎ።

ነቀልኩት።

በረኛው ቀኙን ገና ያንኳኳው ነበርና፣ ያቺ መስመር ስክሪኑ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ መጣች። «ቀኙ ዝም ብሏል። ግራው ይቀበል።» ከዚያ ስሞቹ መግባት ጀመሩ። እትዬ አስካለ። የዳቦ ቤቱ ልጅ። መጠለያው። አንድም ሰው አልተቆረጠም።

ዮናስ አልገባም። ዛሬ ጠዋትም አረንጓዴ አልነበረም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። እማዬ ስልኩን አላበራችውም። ያንን ሳይ ግራው ያጣው መሰለኝ። ፈለግኩት። ስሙ አለ፤ አንደኛው መስመር ላይ፣ ያው እንደነበረው። የለም የሚባለው ሰውየው ብቻ ነው።

ሀብቴ ከመ/ቤቱ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር አምጥቷል። ግራው ብቻውን አይቆምም፣ ተቀባይ ያስፈልገዋል አለ። ምን እንበለው ሲለኝ ቀኝ አልኩት። አባባም ይሉታል፤ ቀኝ ጌታ ሲያርፍ ቦታው ባዶ አይውልም።

ላፕቶፑን በጋቢው ጠቀለልኩት። በዮኒ ጋቢ። ተመልሼ ስገባ እማዬ ቤት የለችም። ካለቀስን ወዲህ ከመቃብሩ በቀር ከበር ወጥታ አታውቅም። የዮኒ ልብሶች የነበሩበት ሣጥን ተከፍቷል፤ ባዶ ነው።

ያው ቀን። ከመንገድ በፊት

መጣች። የት ነበርሽ አልኳት። ከአርባው በፊት ልብሱን ለሚለብሰው ሰጠሁ አለች። ነጠላዋ ላይ የመጠለያው ቀይ አቧራ አለ። ሌላ አልጠየቅኩም።

እሑድ፣ ኅዳር 14። አንኮበር፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ፍትሐቱ አለቀ። ሰዉ ድንኳኑ ውስጥ ነው። ገብስ እየታጨደ ሳለ ሥራውን ጥሎ የመጣ ሰው ብዙ ነው። እኔ አባባ መኝታ ቤት ገብቼ ግራው አጠገብ ተቀምጫለሁ። መብራቷ ብልጭ ብልጭ ትላለች። ሁሉንም እየመለሰች።

ዝርዝሩን ከፈትኩ። እጄ ነው የከፈተው።

ዮናስ። አረንጓዴ።

ስህተት መሰለኝ። ሀብቴ ስናወጣ ያስቀረነው ነገር አለ መሰለኝ። ከየት እንደገባ አየሁ። ከቤት አይደለም። አንቴናው የመጠለያው ነው፤ የሮቶው።

ወጥቼ እማዬን አየኋት። ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። ጎንበስ ብዬ የዮኒ ስልክ የት ነው አልኳት። ቀና አላለችም። «ባትሪው ገና ደህና ነው። ለዚያች ሴት ሰጠኋት። ሲም ካርዷን ልጅቷ ቀየረችላት» አለች። ቀጥላ ደግሞ በለሆሳስ፣ ጥፋት ነው እንዴ? አለችኝ።

አይደለም አልኳት። ተመልሼ ገባሁ።

አሁንም አለ። ስልኩ የዮኒን የይለፍ ቃል አልረሳም፤ ወ/ሮ ዘነበች በማን ስም እንደገቡ አያውቁም። በረኛው ጠየቀ፣ ግራው ስሙን አወቀው፣ በሩ ተከፈተለት። ብዙ ዳታ እየሄደ ነው፣ ወዲያም ወዲህም። የድምፅ ነው። አንድ ሰው እያወራ ነው። አልተቋረጠም። አሁንም አልተቋረጠም።

የሰላም መልእክት፦ አባቷ አዲስ አበባ ገብቷል። ነገ በጠዋት ይሳፈራል። እናቴ ሁለት ጊዜ ደግማ ጠየቀችው፣ ሁለቴም ነገ አላት ትላለች።

በጫጫ በኩል ነው የሚመጣው። ጣርማ በር የለበትም።

ሀብቴ ሰርዘው ያለኝን ስም አልሰርዘውም። ለወ/ሮ ዘነበችም አዲስ ስም አላወጣላቸውም። በዚሁ ይግቡ። ማታ ደ/ብርሃን ስለምንመለስ ነገ ከት/ቤት ቀርቼ መናኸሪያ እወርዳለሁ፤ ሰላም ብቻዋን እንዳትጠብቅ። አባባ ከበሩ ላይ ቆመው መብራቷን እያዩ ነው። ማን ነው እንዲህ የሚያወራው ይሉኛል። ምን ብዬ